ያልተቀረቀረው መዝጊያ

እናቴ የቤቷን መዝጊያ ሳትቀረቅር ታድራለች የሚለው ወሬ ደብረ ታቦር ድረስ ሲመጣብኝ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያመጣችው ገሳይ ከተማ አጠገብ የምትኖረው የእናቴ ጎረቤት ናት። ለገበያ መጥታ ቤቴ ጎራ አለችና፣ ማለዳ እሳት ልትጭር ስትሄድ በሩ ገፋ ሲያደርጉት ክፍት እንደሚል፣ ይህም አንዴ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ብቻዋን ናት። በዚያ አገር ደግሞ ሌባው ቢቀር ጅቡ አለ።

ከእናቴ ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። እርጅና ነው፣ መርሳት ጀምራለች አለኝ። አመንኩት። እኔ ዘንድ ትምጣ ብለን ቆረጥን። አልጋ አዘጋጀሁላት፤ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። ያቺ ሴት ከቤቷ ወጥታ የሰው በረንዳ ላይ ስትውል ይታየኝ ጀመር።

እሁድ ሄድን። ወንድሜ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቃት።

«ትናንት ሚካኤል፣ ዛሬ እግዚአብሔር አብ። ሲጠፋብህ ሚስትህን ጠይቅ» አለችው።

የማኅበሩን ተረኛ ጠየቃት። ተረኛውን ነግራው ስታበቃ፣ እሱ ራሱ ተራውን ሳያወጣ መክረሙን ጨመረችበት። አንገቱን ደፋ።

እኔ ግን ዓይኔ ምሰሶው ላይ ቀረ። ከመደቡ አጠገብ፣ ወገብ በሚደርስበት ልክ፣ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። ይህን አይቼ መዝጊያውን ለምን ሳትቀረቅር እንደምትተወው ጠየቅኳት። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጢጥ ካልኩ ያለ ምሰሶው አልነሳም። አንድ ሌሊት እወድቃለሁ። ቀርቅሬ ከወደቅኩ ማን ይገባልኛል? አባትሽ የሠራውን መዝጊያ በመጥረቢያ ሊፈልጡት ነው።»

«ጅቡስ?» አልኳት።

«ጅቡን እሰማዋለሁ። መውደቄን ግን ቀድሜ አልሰማውም።»

ይህን መቼ እንዳወቀችው ጠየቅናት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው አለች፤ ብትነግረን እንደምንወስዳት ስለምታውቅ ዝም ብላ ኖሯል። እውነቷን ነው፤ ልንወስዳት ነበር የመጣነው። ሲመሽ፣ እንግዲህ እዚሁ ትኑር ተባብለን ተለያየን።

በሳምንቱ ወንድሜ ብቻውን መጣ። እናቴ ጠዋት ማታ ቁጢጥ ብላ የምታልባትን ላም ከነጥጃዋ ፈትቶ፣ ወንዙን አሻግሮ ወደ ራሱ በረት ነዳት። እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችው፤ አልከለከለችውም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወተቱን አልቦ ያመጣላታል።