አላፊ አግዳሚውን ያስቆመ ካሴት

ወንድሜ ከውጭ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ጫማ ወይም ሽቶ ያመጣልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሻንጣው የወጣው ትንሽ የቤት ኮምፒዩተር ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ፕሮግራም የሚጫንበት ደግሞ በተራ የሙዚቃ ካሴት ነው። ያኔ ፒያሳ አካባቢ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ከእናቴ ጋር የምንኖረው እዚያው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው።

ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የመጣው ቤዚክ የሚባል ቋንቋ ብቻ ነበር። በእሱ ስደምርና ስቀንስ ሰነበትኩና ፊደላችንን ቴሌቪዥኑ ላይ ማየት አማረኝ። «ሀ»ን ነጥብ በነጥብ ሳልኳት። ወጣች፤ ግን አንድ መስመር እስኪሞላ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «ልጄ፣ በእጅሽ ብትጽፊው አይፈጥንም?» አለችኝ።

ትምህርት ቤታችን አንድ ህንዳዊ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ብሶቴን ስነግረው ሳቀ። እሱም ቤቱ ያንኑ ዓይነት ኮምፒዩተር አለው ለካ!

«ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ያዘገየሽ ቤዚክ ነው» አለኝ። «በቀጥታ በራሱ በማሽኑ ቋንቋ እዘዢው። ለዚያ የሚረዳ አሴምብለር የሚባል ፕሮግራም አለኝ።»

በማግስቱ ካሴቱን አመጣልኝ። «ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፤ አስገልብጪና መልሺልኝ» አለ።

ይዤው በቀጥታ ወደ አንድ ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የሚገለብጠውን ሁሉ በር ላይ በሰቀለው ስፒከር የማሰማት ልማድ ነበረው። ካሴቱ ዘፈን እንዳልሆነ ሳልነግረው ከፈተው። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት መንገዱን ሞላው። አላፊ አግዳሚው ቆመ።

«ይሄ ዘፋኝ ጥርሱን እየተነቀለ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አለ አንዱ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ያ ድምፅ መንግሥት እንዳይደመጥ በጩኸት የሚያፍነውን የውጭ ሬዲዮ ይመስል ነበር።

«የማን ካሴት ነው?»

ባለቤቱ ዓይኑን ወደኔ ሰደደ። «የኔ ነው» አልኩ። «የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።»

ቀበሌ ወሰዱኝ። ሊቀ መንበሩ ካሴቱን እያገላበጠ፣ «ምስጢር የምታስተላልፉበት ነው?» አለኝ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «ቤቴ ቅርብ ነው፤ መጥተው በዓይንዎ ይዩት» አልኩት።

መጣ። እናቴ ስታየን ክው አለች። ካሴቱን ከኮምፒዩተሩ ጋር ባያያዝኩት ቴፕ ውስጥ ከትቼ አስነሳሁት፤ ያ ጩኸት እንደገና ቤቱን ሞላው። ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይሳሳትና እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ዛሬ ቢሳሳት ማን ያምነኛል? በመጨረሻ ጩኸቱ ቆመ፤ ቴሌቪዥኑ ጠራና አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«ይሄው ነው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ይሄው ነው። በዚህ የአማርኛ ፊደል አስተምረዋለሁ።»

«ይሄን የፈረንጅ ዕቃ?» ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ካሴቱን ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «በርቺ። ስፒከር ላይ ግን ሁለተኛ እንዳይከፈት።»

እሱ እንደወጣ እናቴም እኔም ተያይተን ሳቃችን አመለጠን።

ሙዚቃ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቱ ስፒከሩን ዘግቶ ገለበጠልኝ። «ሁለት አደረግኩልሽ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይኖርሻል» አለኝ።

ዋናውን ለህንዳዊው መልሼ፣ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ፕሮግራም ጋር ታገልኩ። ህንዳዊው ጓደኛዬ አገሩ ስላልሄደ የጻፍኩትን እየተቀበለ ያርምልኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ቁልፉን ስጫን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለው ፊደል በሙሉ ቴሌቪዥኑ ላይ በአንዴ ግጥም አለ። ጮህኩ። እናቴ እየሮጠች መጥታ አብራኝ ጮኸች፤ ምን እንደሆነ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኞ የፊደሉን ፕሮግራም የቀዳሁበትን ካሴት ይዤ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስሙን በአማርኛ ጻፍኩለት። እሱ አንድም ፊደል አያውቅም፤ እያንዳንዷን በጣቱ እየነካ፣ «ይቺ ምን ትባላለች? ይቺስ?» ይለኝ ጀመር። አማርኛ ማንበብ ያስተማርኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ያን ዕለት ሳይመሽ ስሙን ያለ እኔ እርዳታ አነበበው።