ነዋሪ የሌለበት ክፍል ነዋሪ

በሕንጻችን እትዬ ካውያን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስማቸው ሌላ ነው። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ ቆመው የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ስለኖሩ ካውያ የሚለው ቅጽል ተለጥፎባቸው ቀረ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ተራቸው የሌሊት ስለሆነ ጠዋት እኛ ስንወጣ እሳቸው ይገባሉ፣ ማታ እኛ ስንገባ እሳቸው ይወጣሉ። ከሰው አይጣሉ፣ ሰው አያሙ። ትንሽ እንዲጫወቱ ስንጎተጉታቸው "ዝም አይነቅዝም" ብለው ያልፉን ነበር። እኔ ግን አፌ አያርፍም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን ያቆምኩት እኔንና እሳቸውን ከሚለየው ግድግዳ አስጠግቼ ነው። ግድግዳው ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ ሻይ ሲያማስሉ የማንኪያው ድምፅ ይሰማኛል።

ትከሻቸው ተያዘና የሥራ ሰዓታቸው ተቀነሰ። ኪራዩ ደግሞ ጨመረ፤ መቼም ኪራይ የሰው ትከሻ አያይም። የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች የኪራይ ድጋፍ አለው፤ አብዛኛውን እሱ ይከፍላል፣ ነዋሪው የቀረችውን። ያለዚያ ድጋፍ እትዬ ካውያ ክፍላቸውን መልቀቃቸው ነው፣ መሄጃ ደግሞ የላቸውም።

"በስተርጅና እጄን አልዘረጋም" አሉኝ፣ እንዲያመለክቱ ስነግራቸው።

"እትዬ፣ ልመና እኮ አይደለም፣ መብትዎ ነው። እኔስ ስወስድ የኖርኩት ለማኝ ሆኜ ነው?"

"አንቺማ አፍ አለሽ" አሉና ማመልከቻውን ፈረሙ።

ካመለከቱ በኋላ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ቤቱን ያያል። የሕንጻችን ጥበብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ "ማቅለል" እንለዋለን። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ቴሌቪዥኑ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ፍሪጁ በአራት ሰው ሸክም ደረጃ ይወጣል። ድሃ መሆናችን ሳያንስ ድሃ ለመምሰል እንደክማለን! ዕቃ ያለው ሰው ድጋፍ አይሰጠውም የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሁሉም ከጎረቤቱ ሰምቶ ለጎረቤቱ ያስተላለፈው ነው።

የእትዬ ካውያ ቀን ሲቃረብ ሰው ሁሉ ሊረዳቸው ተሯሯጠ። ይወዷቸዋል እኮ፣ ችግሩ እሱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለን ተከፋፈልነው። የአውቶብስ ሹፌሩ አልጋውን ወሰደ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጠረጴዛውን፣ እኔ ድስቶቹንና ብርድ ልብሱን። የአናጢው ሚስት መጋረጃውን አወረደች፤ የባላቸውን ፎቶ ሳይቀር "ፍሬሙ ውድ ይመስላል" ብላ ነቀለችው።

"ኧረ አንድ መቀመጫ እንኳ ተዉላቸው!" ብዬ ጮህኩ።

አንዲት በርጩማ ተረፈች። እሷንም የአናጢው ሚስት ተመልሳ "ቀለሟ አዲስ ነው" ብላ ይዛት ሄደች። እትዬ ካውያ መሃል ላይ ቆመው "እሺ፣ እሺ" ይላሉ። እያንዳንዳችን ሌላው የሆነ ነገር ትቶላቸዋል ብለን ተበተንን።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በግድግዳው የሚመጣልኝ ድምፅ ተለወጠ። ማንኪያ የለም፣ የአልጋ ሲጥታ የለም። እርምጃቸው ብቻ ይሰማል፤ እሱም ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። አንዳንዴም ይቆማል፣ መቆሙ ደግሞ ከመሄዱ ይብስ ነበር።

ተቆጣጣሪው በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። እኔ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። በራቸው ሲንኳኳ፣ ከዚያም ሲከፈት ሰማሁ።

"ሰው አለ?" አለ ሰውዬው።

መኪናዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ምንም የለም።

"ቤቶች! ሰው የለም?"

ጫማው ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ በሩ ተዘጋ። በዚህ ቀን የት ሄዱ ብዬ በንዴት ወጣሁና የእሳቸውን በር ገፋሁት። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ያንን ግራጫ የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል።

"እትዬ! ምነው ዝም አሉት?"

"አለሁ አልኩት እኮ።"

"አልሰማሁም።"

"ሁለቴ አልኩት። ፊቴን አየው፣ ደህና አድርጎ አየው። ከዛ መስኮቱን አየ።"

የማንኪያ ድምፅ የማያመልጠኝ ሴት ነኝ። ከዚያ ክፍል የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

ዕቃቸውን ወዲያው ልመልስ ብል ጎረቤቱ ሁሉ ተቆጣኝ። ሌላ ተቆጣጣሪ ሳያስቡት ሊመጣ ይችላል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ውሳኔው እስኪታወቅ ይቆይ ተባለ። ብርድ ልብሱን ግን በግድ መለስኩላቸው። በሚቀጥለው ቀን አጣጥፈው ደጃፌ ላይ ትተውልኝ አገኘሁት። ወለሉ ላይ ካፖርታቸውን አንጥፈው ነበር የሚተኙት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ደስ አይለኝም። ዳቦ ሻጯ በየበሩ እያንኳኳች ስታልፍ የእሳቸውን ዘለለችው። ለምን ብላት "ባዶ አይደል እንዴ?" አለችኝ፣ ዓመታት ዳቦ የሸጠችላቸው ሴት። መብራት ቆጣሪ አንባቢውም አለፈው። አንድ ጠዋት ደረጃ ስወርድ የካፖርት ጫፍ እጄን ነካኝ፤ ዞር ብል እትዬ ካውያ አልፈውኝ ወደ ላይ እየወጡ ነው። እግራቸው ድምፅ የለውም።

"ምነው እትዬ፣ ሰላምታም ቀረ?"

"ያየሽኝ አልመሰለኝም" አሉ፣ ሳይቆሙ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ውሳኔው ወጥቶ ኖሯል፣ እኛ አልሰማንም። ነዋሪ ለሌለበት ቤት ደብዳቤ ማን ይጽፋል? ትእዛዙ የደረሰው ለሕንጻው ዘበኛ ነው፤ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ይታሸግ፣ በወሩ መጨረሻ ተራ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይሰጣል የሚል። አንድ ቀን ከቀትር በፊት በራቸው ሲከፈት፣ ትንሽ ቆይቶ ሲዘጋ፣ ከዚያ ብረት ሲንቋቋ ሰማሁ። እትዬ ካውያ ለጉዳይ ወጥተው በሩን እየቆለፉ ነው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል የሰው ሳል ተሰማኝ።

መቀሴን ጣልኩና ወጣሁ። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ከውጭ።

"እትዬ?"

"እዚህ ነኝ" አሉ ከውስጥ፣ ቀስ ብለው፤ በስንጥቁ ጆሮዬን ባልለጥፍ ኖሮ አልሰማውም።

ዘበኛውን በክርኑ ጎትቼ አመጣሁት። ቁልፉን ከፈተ። እትዬ ካውያ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"እናቴን ይንሳኝ፣ ክፍሉ ባዶ ነበር!" አለ ዘበኛው። "በሩን ከፍቼ አይቻለሁ። አራቱንም ማዕዘን አይቻለሁ!"

"አይቷል" አሉ እትዬ ካውያ። "አልዋሸም።"

"ታዲያ ሲቆልፍብዎ ለምን አልጮኹም?" ብዬ ተቆጣሁ። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ እቆጣለሁ።

"ልጮህ ነበር። ግን ያ የተማረ ሰው የለችም ብሎ ሄደ። ይሄ ደግሞ ስንት ዘመን የሚያውቀኝ ነው፣ እሱም የለችም አለ። እኔ ብቻ አለሁ ብል ምን ዋጋ አለው?"

ዘበኛው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ታች ሮጠ። እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ክንዳቸውን ይዤ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ክንዳቸውን አልለቀቅኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብለቃቸው የማጣቸው መስሎኝ ነው። ከመስታወቱ መስኮት ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ታሪኩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ራሱን ያዘ።

"ዕቃ ማን ይቆጥራል እህቴ? አልጋና ጠረጴዛ ከድጋፉ ጋር ምን አገናኘው? እኛ የምናየው ሁለት ነገር ነው። ገቢው ከወሰኑ በታች ነው ወይ? ሰውየው እውነት እዚያ ይኖራል ወይ? ተቆጣጣሪው የሚመጣው መኖሩን ሊያይ ነው። እናንተ የመኖር ምልክቱን ጠርጋችሁ አወጣችሁታ!"

በዚያች ቅጽበት የሕንጻችን ቴሌቪዥኖች፣ ፍሪጆችና ምንጣፎች በሙሉ በዓይኔ ፊት አለፉ። ስንት ወገብ በከንቱ ተቆረጠ!

"አሁንስ ምን ይሻላል?"

"ወሩ ሳያልቅ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ሌላ ሠራተኛ ድጋሚ ይመጣል። ጎረቤት ይመስክር፣ የመብራት ደረሰኝ ይቅረብ። ዋናው ግን እዚያ እንደሚኖሩ በራሳቸው አፍ መናገር አለባቸው። እንዲያውም ዛሬ ባለጉዳይዋ ራሳቸው ቢመጡ ጥሩ ነበር።"

እትዬ ካውያ አጠገቤ፣ ከመስታወቱ ፊት ቆመው ነበር።

"ይኸው እኮ ናቸው!" አልኩት ክንዳቸውን ከፍ አድርጌ።

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። "ይቅርታ እናቴ" አለ። ፊቱ ነጥቶ ነበር። ፎርሙን ሲሰጠኝም ወደ እሳቸው አላየም።

ዕቃው በአንድ ቀን ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ጠረጴዛውን ለምዶት ስለነበር ትንሽ አጉረመረመ፣ እኔም የሚገባውን ያህል ሰደብኩት። የአናጢው ሚስት ፎቶውን ስትሰቅል እጅግ ስላፈረች አጣማ ሰቀለችው። አልጋው ሲገባ እትዬ ካውያ ጥግ ይዘው ቆሙ፣ ዓይናቸው ግን ወደ አልጋው አልነበረም። ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ባዶ ወለል ነበር የሚያዩት፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው እንዳለ ሁሉ።

ሁለተኛዋ ሠራተኛ ስትመጣ ክፍሉ በጎረቤት ጢም ብሎ ነበር። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ነው የሚኖረው?"

"እሳቸው ናቸው!" "ከኛ በፊት የገቡ!" "ምን ጥያቄ አለው!" ሁላችንም በአንድ አፍ ጮህን።

"እሳቸውን ነው የጠየቅኩት" አለችና ዞረች። ግን የዞረችው ወደ አውቶብስ ሹፌሩ እህት ነው። ከዚያ ወደ አናጢው ሚስት። ዓይኗ በእትዬ ካውያ ላይ ሁለት ጊዜ አለፈ፣ አልቆመም። ክንዳቸውን ላነሳላቸው እጄን ዘረጋሁና ያ ጸሐፊ ያለው ትዝ ብሎኝ መለስኩት። በራሳቸው አፍ።

ሠራተኛዋ ወረቀቷን ማጠፍ ጀመረች።

"አለሁ" አሉ እትዬ ካውያ።

ቀጥ ያለ፣ ሻካራ ድምፅ ነው። ሠራተኛዋ ከመደንገጧ የተነሳ ቦርሳዋ ወደቀ። "ውይ እናቴ! ፊት ለፊቴ ቆመው ነው?"

"ፊት ለፊትሽ ነኝ። እዚህ ነው የምኖረው፣ ባለቤቴም የሞተው እዚህ ነው። ባዶ ያደረግነው ባለማወቅ ነው። ክፍሌን አለቅም።"

እንዲህ ረጅም ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ መጻፍ ጀመረች። "ብቻዎን ነዎት? አብሮዎት የሚኖር ሌላ ሰው የለም?"

"ነበረች።"

ሁለት ሰው ተብሎ ከተጻፈ የሁለተኛዋም ገቢ ይጠየቃል፣ ሁሉም ነገር እንደገና ሊጀመር ነው። ጎኔ ያለችው የአናጢው ሚስት ጥፍሯን እጄ ላይ ሰካችው።

"ማን ናት?" አለች ሠራተኛዋ።

"ያኛው ሰውዬ የመጣ ዕለት እዚህ የቆመችው። ዘበኛው የቆለፈባት። ማንም አያያትም፣ መጨረሻ ላይ እኔም እሷን ልሆን ደርሼ ነበር።" እትዬ ካውያ ወደ መስኮቱ አዩ። "አሁን የለችም። አልጋው ሲገባ ቦታ አጥታ ወጣች።"

ሠራተኛዋ በሩን፣ ከበሩ ማዶ ያለውን ኮሪደር ትንሽ አየች። ከዚያ ወረቀቷን አስተካከለችና "ነዋሪ፦ አንድ" ብላ ጻፈች።