ትምባሆ የሚያዳምጡት አያቴ

አያቴ ትምባሆ ከመለኮሳቸው በፊት ያዳምጡት ነበር። ሻንቶ ገበያ በእጅ ከተጠቀለሉት ሲጋሮች ርካሹን ያነሱና፣ በሁለት ጣት ጫን እያደረጉ ጆሯቸው ሥር ይይዙታል። ከዚያ ያሸቱታል።

አንድ የገበያ ቀን ከቦምቤ የመጣች ሻጭ ሲጋሯን ሰጠቻቸው። ገና ሳይለኩሱት፣ "ልጄ፣ ይህን ቅጠል ዝናብ አግኝቶታል። ተቻኩለሽ ምድጃ ላይ አደረቅሽው። ጥላ ውስጥ ብትተዪው ኖሮ!" አሏት።

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አባባ፣ ማን ነገረዎት?"

"ራሱ ቅጠሉ ነዋ!"

እኔ አጠገባቸው ቆሜ አይ ነበር። ለኩሰው ሁለት ጊዜ ሳቡና ጭሱን አፋቸው ውስጥ አቆዩት። "ያቃጥላል፤ መጨረሻው ግን ይጣፍጣል። ርካሽ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም" ብለው ከእሷው ገዙ።

ባለፈው ሳምንት አያቴን ቀበርን። ያቺ ሴት ለቅሶ መጥታ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ሲጋር ፈታችና መዳፌ ላይ አኖረችው።

"የዘንድሮውን ጥላ ውስጥ ነው ያደረቅኩት፤ እንዳሉኝ" አለች።

ባዶውን በርጩማቸውን አየሁ። ሲጋሩን ጆሮዬ ሥር ይዤ ጫን አደረግሁት። ተንኮሻኮሸ።

ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "ሲጋሩ ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንደ አያቴ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትሁት።