የዓርብ ቀማሽ

ትናንት የፋሲካ ዋዜማ ስለነበር ቻይኖቹ ሱቅ ገብቼ የሰሊጥ ዘይት ገዛሁና፣ ቤት ስደርስ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ቦርሳዬንም ነጠላዬንም ነክሮት አገኘሁ። ሽታው ሲመጣብኝ ልክ እንደ ልጅነቴ አፍንጫዬን ያዝኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ይህን ሽታ አልለመድኩትም። ያስጠላኛል፤ በየዓመቱ ግን እገዛዋለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ፋሲካ ያለ ጃፕቼ አይውልም።

ጃፕቼ ኮሪያዎች ለግብዣና ለዓመት በዓል የሚሠሩት የኑድል ምግብ ነው። ኑድሉ ከስኳር ድንች የሚሠራ ስለሆነ ሲቀቀል ግራጫ ይሆንና ወዲያ ማዶው ይታያል፤ በሹካ ሲያነሡት ይሟልጫል፣ አፍ ሲገባም ሳይታኘክ በራሱ ጊዜ ወደ ጉሮሮ መንገድ ይጀምራል። ከዝናብ በኋላ ከመሬት የሚወጣውን ትል ያየ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። እሱስ ይሁን፤ በቀጭን በቀጭኑ የተከተፈ የበሬ ሥጋ፣ ካሮት፣ ስፒናች፣ እንቁላልና ያ የሚያዳልጥ ጥቁር እንጉዳይ ይገባበትና ሶያ ሶስ ይፈስበታል፤ መጨረሻ ላይ ስኳር ይነሰነስበታል። ሥጋ ላይ ስኳር። ይህን ያሰበ ሰው ምን ሆኖ እንዳሰበው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እናቴ እዚህ ጅቡቲ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ኮሪያዊ መሐንዲስ ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ እኔና እሷ የምንኖረው ግን የድሆቹ ሰፈር ካርቲየ ሰባት ቢስ፣ ከአንዲት ሶማሌ ሴትዮ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ማዳም፣ የመሐንዲሱ ሚስት፣ እንግዳ የምትጠራው ዓርብ ነበር፤ ይህች ከተማ ዓርብ ታርፋለችና። እናቴ ደግሞ ዓርብ ትጾማለች። ሥጋና እንቁላል ያለበትን ምግብ መቅመስ የማትችል አብሳይ ምን ታድርግ? ሰባት ዓመት ያልሞላትን፣ ጾም ያልያዘችውን፣ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት የሌላትን ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ቀማሽዋ እኔ ነበርኩ።

ጨው አነሰው ወይም ስኳር በዛበት ማለት የማልችል ቀማሽ ነበርኩ። ስቀምሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፣ መቅፈፉን። እናቴም ይህን ስለተረዳች አፌን ትታ ፊቴን ማንበብ ጀመረች። ከንፈሬ ብቻ ሲኮማተር ሶያ ትጨምራለች፣ አፍንጫዬ ሲሸበሸብ ስኳር ትነሰንሳለች፣ ዓይኔ ተጨፍኖ ትከሻዬ ሲንዘፈዘፍ ምድጃውን ታጠፋና «ደርሷል» ትላለች። እኔ የበለጠ ስጠየፍ የማዳም እንግዶች የበለጠ ይበላሉ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ የእኔ ፊት ግን ለእናቴ የወጥ ማንኪያዋ ነበር።

አንድ ጊዜ የኮሪያዎቹ አዲስ ዓመት ዓርብ ዋለና የማዳም አማት ከአገራቸው መጡ። አማት የትም አገር አማት ናት። ማዳም ከሁለት ቀን በፊት ጀምራ ጥፍሯን ስትበላ ሰነበተች፤ እናቴንም ወደ ጓዳ ጠርታ በዚያ በተሰባበረ ቋንቋዋ «ቤል ሜር መጣ። ጃፕቼ ጥሩ፣ አንቺ ጥሩ። ጃፕቼ ፓ ቦን፣ ሌላ ኩዚኒየር» አለቻት። አማቴ ካልወደደችው ሌላ አብሳይ እቀጥራለሁ ማለቷ ነው። የቤታችን ኪራይም፣ የእኔ ትምህርት ቤትም በዚያ በሚሟልጭ ነገር ላይ ተንጠለጠለ።

በዕለቱ እኔ ጉንፋን ይዞኛል። ጅቡቲ ውስጥ ጉንፋን የሚይዘው ሀራሙስ ቪላ ገብቶ ቀዝቃዛ አየር ከሚነፋው ክሊም ሥር የተቀመጠ ሰው ነውና፣ ያዘኝ። እናቴ በሹካ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ምንም አልሸተተኝም፣ ምንም አልጣፈጠኝም፤ የሚሟልጭ ነገር ብቻ ወረደ። ፊቴ እንደ ግድግዳ ሆነ። ሶያ ጨመረች፣ አጎረሰችኝ፤ ያው ግድግዳ። ግንባሬን ዳሰሰችና «ምን ይላል? ተናገሪ የኔ እናት» አለችኝ።

«ምንም አይልም፣ እማዬ።»

ከውጭ የእንግዶቹ መኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። እናቴ አማተበች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ሹካውን አንሥታ ወደ አፏ ሰደደችው። እንዳላያት ነበር የዞረችው፤ ግን ከጎን አየኋት። ከንፈሯ ተኮማተረ፣ አፍንጫዋ ተሸበሸበ፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ትከሻዋ ተንዘፈዘፈ። የእኔው ፊት ነበር። እሷም እንደ እኔ እንደምትጠየፈው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ማጠቢያው ላይ ተፋችው፣ አፏን ደጋግማ ተጉመጠመጠችና ምድጃውን አጥፍታ «ደርሷል» አለች።

የማዳም አማት በሉ፣ አስደገሙ፣ ማዳም በደስታ ጓዳ መጥታ እናቴን አቀፈቻት። እንጀራችን ተረፈ። የንስሐ አባቷ ግን ስግደት ሰጧት፤ አልጋችን አጠገብ ስትሰግድ በየመሀሉ ቀና እያለች «ጾም ከተሻረ አይቀር በክትፎ ይሻር ነበር» ትል ነበር፣ እኔም አንሶላ ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ።

መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ ቤተሰቡን ይዞ ሲሄድ ከጃፕቼ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ወይ መገላገል። እናቴ ያን ያህል የተፈተነችበትን ሙያ ልትጥለው አልፈለገችም፤ በየፋሲካው ከዶሮው ጎን ትሠራው ጀመር። ሀራሙስ የሚሠሩት ጓደኞቿም፣ አከራያችንም ሰሐን እየያዙ ይጠብቁታል። እሷ እንደሆነ አንድ ጉርሻ አትበላም። እንደ ድሮው «ነይ ቅመሺ» ትለኛለች። ዛሬ እኮ ፍስክ ነው፣ ራስሽ ቅመሺ ብዬ እከራከራታለሁ። «የኔ ምላስ ምን ያውቃል» ትልና ፊቴ ላይ ታፈጣለች። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ልጆች ወልጄም እንዲሁ ነበር።

እናቴ ካረፈች ይህ ሁለተኛው ፋሲካ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳሎን እንግዳ ሞልቶ፣ ልጆቼ ያንን ነገር አምጪ እያሉ ሲያስቸግሩኝ፣ ጓዳ ብቻዬን ቆሜ በሹካ ጠቅልዬ ጎረስኩ። ከንፈሬ፣ አፍንጫዬ፣ ዓይኔ፣ ትከሻዬ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ። ከነተኮማተረ ፊቴ እሷ ትቆምበት ወደነበረው ቦታ ዞርኩ። ማቀዝቀዣው ብቻ ነው ያለው። እስኪያመኝ ድረስ ፊቴን ሳልፈታ ትንሽ ቆየሁ። ጨው አንሶት እንደሁ፣ ስኳር በዝቶበት እንደሁ አላውቅም፤ እንዲሁ አቀረብኩት።