በመርዶው ሥር የዱባለ ስም

ዱባለ ስልክ አያምንም። መርካቶ ሰባተኛ ካለው የሻንጣ መደብሩ ተቀምጦ ስለ ጫማ ካወራ፣ ማታ ስልኩ የጫማ ማስታወቂያ ያመጣበታል። ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገር መሳቢያ ውስጥ ይከተውና ይቆልፍበታል። የተራው ነጋዴዎች እድር ለፋፊውን አሰናብቶ መርዶውን ሁሉ በቴሌግራም ያደረገ ጊዜም አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። በር አንኳኩቶ የሚያረዳ ሰው ከሌለው እድሩ ምኑን እድር ሆነ ብሎ ተከራከረ። የሰማው የለም።

እሱም በስልኬ አላስገባውም ስላለ፣ በእሱ ስም የቴሌግራም አካውንት በሚስቱ በእታለም ስልክ ተከፍቶ የእድሩ ግሩፕ ውስጥ ገባ። እታለም ደግሞ ይሉኝታ ያጠቃታል። መልእክት በመጣ ቁጥር፣ እነዱባለ ዝም አሉን እንዳይባል፣ የተጣመሩትን እጆች ምልክት ትጫናለች። ምርቃቱ፣ ቀልዱ፣ የኳሱ ወሬ መዓት ነው፤ ማን አንብቦ ይጨርሰዋል?

ሰኞ ጠዋት የጎረቤቱ የጀማለዲን ብርድ ልብስ መደብር ተዘግቶ ጠበቀው። ግድግዳ ተጋርተው የሸበቱ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚሸጥለት ጓደኛሞች ናቸው። የዱባለ ልብ ግን ወዲያው ክፉ ክፉውን አሰበ። ሰሞኑን ጀማለዲን ስልኩን እያየ ለብቻው ፈገግ ሲል አይቶታል። በስልክ አስመጪ አግኝቷል፣ እኔን ደብቆ ዱባይ ተራ ዕቃ ሊያነሳ ሄዷል አለ። እስከ ረፋድ በሆዱ ሲራገም ቆየ።

ረፋድ ላይ የፊት ለፊቱ ክር ነጋዴ ይስሐቅ መጥቶ፣ ትናንት ቀብር ላይ ምነው ጠፋህ አለው። የጀማለዲን እናት እሁድ ጠዋት አርፈው በዕለቱ ኮልፌ ተቀብረዋል። ዱባለ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እኒያን ሴት እናቴ እያለ ነበር የሚጠራቸው። መደብሩን ዘግቶ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወደሚገኘው ለቅሶ ቤት በረረ።

ጀማለዲን ከምንጣፉ ተነስቶ ተቀበለው፤ ግን አላቀፈውም። ዱባለ አልሰማሁም ብሎ ሲምል እስኪጨርስ አዳመጠውና ስልኩን አሳየው። በመርዶው ሥር የተጣመሩ እጆች ተደርድረዋል፤ እጆቹን ከተጫኑት ስሞች መካከል የዱባለም አለ።

«መቅረትህስ ባልከፋኝ» አለው። «እያወቅህ መቅረትህ ነው።»

ዱባለ እውነቱን ዘረገፈው። የተጫነችው እታለም እንደሆነች፣ ቀልድም ይሁን መርዶ ሳታነብ እንደምትጫን፣ ክፋት እንደሌለባት ነገረው። ጀማለዲን አመነው። ፊቱ ፈታ አለ፤ እጁን ስቦ አጠገቡ አስቀመጠው። ዱባለም እፎይ አለ።

ስልኩ ግን ገና ጀማለዲን መዳፍ ላይ ነበር። ከቀብር መልስ እነዚያን ስሞች ደጋግሞ ማንበቡን፣ እናቴን ለካ ይህ ሁሉ ሰው ይወዳት ነበር ብሎ መጽናናቱን ቀስ ብሎ አጫወተው። ከዚያ ጣቱን አንድ ስም ላይ አሳረፈ።

«ሽኩርስ፣ አንብቦ ይመስልሃል?»

ዱባለ ምነው እውነቱን ሳልነግረው ጥፋተኛ ሆኜ በቀረሁ አለ በሆዱ። ጀማለዲን ግን ወደሚቀጥለው ስም ወርዷል።