በበጋ የሚረጥብ ግድግዳ

እናቴ በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ላይ ጠላ ትሸጥ ነበር። ያሳደገችኝም፣ የዳረችኝም በደጃችን እንጨት ላይ በተደፋችው ጣሳ ነው። ጣሳዋን ያየ ሁሉ ይገባል፣ የገባም ጠላዋን አመስግኖ ይወጣል። ባሌን ጥዬ ከጉቴ ስመለስ ያጎረሰችኝም ከዚያው ነው። ስለዚህ ጣሳዋን ያስወረደብንን ሰው ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሰውየው ቡና ነጋዴ ነበር። አባቴ ሊሞት አካባቢ የረጅሙን ቤታችንን ግማሽ ሸጦለት ስለነበር የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። በእኛ በኩል የእናቴ ጋኖች፣ በእሱ በኩል የቡና መጋዘን።

ያ ግድግዳ ይረጥብ ነበር። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ ይጠቁራል፣ ልስኑ እየተላጠ ይወድቃል፣ ሥሩ ያስቀመጥነው ብቅል ይሻግታል። ቆርቆሮው አርጅቷልና መጀመሪያ የጠረጠርነው ጣራውን ነው፤ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ አስደፈንን። ቀጥሎ የጣራውን ጠፈጠፍ የሚወስድ ቦይ ከጓሮ አስቆፈርን። ምንም ለውጥ የለም።

በጥር ወር ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ የነጋዴውን ጆንያ ፈትቶ እጁን ሲያስገባ ቡናው እርጥብ ሆኖ አገኘው። ነጋዴው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ይቺ ጠላ ሻጭ ጋን ባጠበች ቁጥር ውሃው በግድግዳው እየሰረገ ንብረቴን ጨረሰችው» አለና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ከሰሳት። ጃንሆይ ይሙት ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ግድግዳውን ቢነኩት እርጥብ ነው፤ ጋኖቹን ቢያዩ ውሃ ሞልቷቸዋል። ዋናው ሽማግሌ እናቴን፣ «አዴ፣ ለጎረቤት ሰላም ስትዪ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አትጥመቂ» አሏት። እኔ ልናገር ስነሳ፣ «አንቺ ደግሞ ወደ ባልሽ ተመለሺ» ብለው አስቀመጡኝ።

እናቴ የሽማግሌ ቃል አትሽርም። በማግስቱ ጣሳዋን አውርዳ ጥጥ መፍተል ጀመረች። ፈትሉ እንኳን ለሁለት ለአንድ ሰውም አይበቃ። የድሮ ደንበኞቿ በደጃችን ሲያልፉ ፊቷን ወደ ጓዳ ታዞር ነበር። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ ነጋዴውን ሲገባና ሲወጣ አየው ነበር፤ አንድ ቀን እንደማገኘው ለራሴ ነግሬያለሁ።

እንግዲህ ጠላው ቀረ። ግድግዳው ግን እስከ መጋቢት ድረስ እንደረጠበ ነው። ክረምት ገባ፤ ዝናቡ ቀን ከሌት ሲወርድ ግድግዳችን ደረቀ። እናቴ «እግዜር አየልኝ» አለች። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። በኅዳር አዲሱ ቡና መጋዘን መግባት ሲጀምር ግድግዳው ተመልሶ ጠቆረ። ጋኖቻችን ባዷቸውን እንደተደፉ ናቸው። ክረምት ደርቆ በጋ የሚረጥብ ግድግዳ የት አገር አለ? ሰማይ ያላረጠበውን ሰው አርጥቦታል ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ በር ተዘግቶ ከውስጥ የባልዲ ድምፅ ሰማሁ። ልስኑ የወደቀበትን ቦታ በቢላዋ ፈልፍዬ በማገሩ መሃል አጮለቅሁ። ነጋዴው ሱሪውን ሰብስቦ፣ እስር ቅጠል ባልዲ ውስጥ እየነከረ ቡናው ላይ ይረጫል፤ ሠራተኛው በአካፋ ይገለብጣል። ቡናው ውሃ ጠጥቶ ሚዛን ላይ እንዲከብድለት ነው። የተረፈው ውሃ፣ ወለሉ ወደ እኛ ያዘነብላልና፣ መጥቶ ግድግዳው ሥር ይተኛል።

ልጮህ እችል ነበር። ብጮህ ግን በሩን ከፍቶ «ባሏን ጥላ የመጣች እብድ» ይለኛል፤ ሰውም እሱን ያምናል። ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌ ዝም አልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ።

ነጋዴው ውሃ የሚረጨው፣ የጭነት መኪና በሚመጣበት ዋዜማ መሆኑን ከለየሁ በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። «ከባሌ መታረቅ እፈልጋለሁ፤ ቤታችን መጥታችሁ ስሙኝ» አልኳቸው። ያኮረፈች ሚስት መለሱ ከመባል የበለጠ ሽማግሌን የሚያስደስት ነገር የለም። በቀጠርኳቸው ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ?» እያሉ በፈገግታ ገቡ። እኔም ያንን ግድግዳ ተደግፈው መደቡ ላይ እንዲቀመጡ አደረግኳቸው።

ከዚያ አወራሁ። ከሠርጌ ቀን ጀምሬ፣ አማቴን፣ አማቴ የነፈገችኝን ቅቤ፣ የባሌን ኩርፊያ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከግድግዳው ወዲያ ባልዲው ይንኳኳል። ዋናው ሽማግሌ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ተቁነጠነጡ። በመጨረሻ እጃቸውን ወደ ጀርባቸው ሰደው፣ «ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። ጋቢያቸው ጭቃ መስሏል። «ቢሻን! ውሃ ነው! አዴ፣ ዛሬም ጠምቀሻል እንዴ?»

እናቴ ተነስታ ጋኖቹን አንድ በአንድ ቀና አደረገችላቸው። ውስጣቸው ሸረሪት አድርቶበታል። ያኔ ጨርቁን ከግድግዳው መዘዝኩና፣ «አባቶቼ፣ በዚህ በኩል እዩ» አልኩ።

ዋናው ሽማግሌ ተንበርክከው አዩ። ተነሱና በውጭ ዞረው የመጋዘኑን በር ገፉት። ነጋዴው ቅጠሉን የሚጥልበት አጣ፤ ውሃው በክንዱ ይወርድ ነበር። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ፍርዱ ወለሉን ቆፍሮ ከእኛ ወዲያ እንዲያዘነብል፣ የበሰበሰውን ማገር እንዲለውጥ፣ የግድግዳውን ሥር በድንጋይ እንዲያስይዝና እንደገና እንዲመርግ ሆነ። እናቴ «ይቅር ብያለሁ» አለች። «እሷ ይቅር ትበል፤ ጭቃውን ግን በገዛ እግሩ ይርገጠው» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና «ይሁን» አሉ። ሲወጡ ዋናው ሽማግሌ፣ «የባልሽ ነገርስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱ ክረምት ከበጋ ያው ነው፣ ይቅርብኝ» አልኳቸው።

ነጋዴው በገበያ ቀን፣ አገር እያየው፣ ጭቃና የጤፍ ጭድ ሲረግጥ ዋለ። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ግድግዳው ደርቆ፣ እንደገና ጠምቃ፣ ጣሳዋ እንጨቷ ላይ በተመለሰችበት ቀን እናቴ ለዕርቁ ሽማግሌዎቹንም እሱንም ጠራች። «ከሁሉም በፊት ለእሱ ቅጂለት» አለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጓዳ ገብቼ ጣሳውን እስከ ግማሽ በውሃ ሞላሁት፤ ጠላውን በላዩ ጨመርኩበትና አቀረብኩለት።

አንዴ ፉት አለና ቆመ። ውሃ የገባበትን ነገር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ነቀምት ውስጥ አልነበረም። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩለትም።

«ጠላው እንዴት ነው?» አሉት ዋናው ሽማግሌ።

«ግሩም ነው» አለና እስከ አተላው ጨለጠው።

ጣሳውን ተቀብዬ ጓዳ ገባሁና ያንኑ ደገምኩለት።