ፈላና በር ላይ የተሞከረው ሳጥን

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ሳለሁ የቡፌው ብርጭቆዎች መንቃጨል ጀመሩ። መጀመሪያ ውሃ የጫነ ቦቴ በደጃችን የሚያልፍ መሰለኝ። ቦቴው ግን አላልፍ አለ። ተነስቼ ወጣሁ። ልጄ ናትናኤል መኪናውን አቁሞ፣ የኋላውን ከፍቶ፣ ከባለሱቅ ለሙከራ ተውሶ ያመጣቸውን ሁለት የቤዝ እስፒከር ሳጥኖች እያፈራረቀ ይሞክራል። አንዱ ድፍን ነው። ሌላው ተለቅ ይልና በፊቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለው።

«አባዬ፣ እስኪ አንተ ፍረድ። የቱን ልግዛ?» አለኝ።

ልጆቼ ኮስታራ ነው ይሉኛል፤ አልክድም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ያወቅኩት ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ የያዝኩትን እያበላሸሁ ነው። ስለዚህ ምክር ከጠየቁኝ አሳጥሬ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ዓይኔ ከሳጥኖቹ አልፎ የአጥራችን ግንብ ላይ ነበር። ናትናኤል የመኪናውን ኋላ ወደ ግንቡ አዙሮ ነው ያቆመው። ማን እንዳስተማረው አላውቅም። እኛም በወጣትነታችን እንዲሁ እናደርግ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ከአጎቴ የተረከብኳትን አሮጌ ታክሲ በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ዙሪያ አሽከረክር ነበር። የሐረር ወጣት ታክሲ የሚመርጠው በቴፑ እንጂ በወንበሩ አይደለም። ወንበሯ ስፖንጁን ያወጣ መኪና ቤዟ ጥሩ ከሆነ ሞልታ ትሄዳለች፤ ባዶ ድምፅ ያላት ተሰልፋ ትውላለች። የኔዋ ተሰልፈው ከሚውሉት ወገን ነበረች።

ሚፍታህ የሚባል የጀጎል ልጅ፣ አናጺ ጓደኛ ነበረኝ። ከቁም ሳጥን ሥራ የሚተርፈውን ቺፑድ በኮላና በብሎን እያጋጠመ የእስፒከር ሳጥን ይሠራል። ለእኔም ሁለት ሠራልኝ፤ ሞክረን አንዱን ልንመርጥ። ድፍኑ ውስጥ ድምፁ አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ ዱም ይልና ያቆማል። ቀዳዳ ያለው ግን በዚያችው ደካማ አምፕሊፋየር እጥፍ ይጮኻል። አየሩ በቀዳዳው እየተገፋ ሲወጣ ቤዙ እየተንከባለለ ይመጣና የሰው ደረት ላይ ያርፋል። ሚፍታህ ደግሞ አንድ ጽኑ እምነት ነበረው። ሳጥን የሚመረጠው ድንጋይ ግድግዳ ፊት ነው ይላል። የመኪናው ኋላ ወደ ግድግዳ ካልዞረ ቤዙ ሜዳ ላይ ይበተናል፣ አይለይም። በከተማው ያሉ ባለቴፖች ሁሉ በዚህ ይስማሙ ነበር።

ሚፍታህ የመረጠው ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ያለውን የሐጂ ኢድሪስን ግቢ ግድግዳ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ኖራ የሚቀባ ረጅም ግድግዳ። ኖራ በኖራ ላይ ስለተደራረበ በዚያ በክረምቱ ማብቂያ እንኳን እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ቁልቁል በሚወርደው ጭቃ ላይ የሳምቡሳ ዘይት ሽታ ተኝቷል። ከግድግዳው ሥር አዴ ሩቅያ ዘይቱና ፍሬያቸውን በማዳበሪያ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። ከገጠሩ፣ ከድሬ ጠያራ እያመጡ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ የሚሸጡ እናት ናቸው፤ «አዴ» በሐረር እናት እንደ ማለት ነው። እኔ በቤታችን ልማድ አንቱ ስላቸው፣ ሚፍታህ እንደ ሰፈሩ አንቺ ይላቸዋል።

መጀመሪያ ድፍኑን አገናኘን። ሚፍታህ የፊት ወንበር ላይ ሆኖ ቴፑን ከፈተ።

«አቦ ይሄማ ሳል ነው!» አለ የገዛ ሥራውን እየሰደበ። «ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ!»

«ልጆች፣ ዘይቱናዬን ሳልሸጠው ጭማቂ ልታደርጉብኝ ነው?» አሉ አዴ ሩቅያ።

«አይዞሽ አዴ፣ በነጻ ጁስ ቤት ከፈትንልሽ!»

ሳቁ። ድፍኑን አውርደን መሬት ላይ አስቀመጥነውና ባለ ቀዳዳውን ጫንን። ሚፍታህ ተመልሶ ገብቶ በሩን ዘጋ። ድምፁ ሲለቀቅ ከቀዳዳው የሚወጣው ንፋስ ሱሪዬን አርገበገበው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ያቺ ተሰልፋ የምትውል ታክሲዬ ከእግሬ ሥር መሬቱን ስታንቀጠቅጥ ኩራት ተሰማኝ። ሚፍታህ ዓይኑን ጨፍኖ እየተወዛወዘ ጨመረው። እንደገና ጨመረው።

በዚህ መሀል በአዴ ሩቅያ ሻሽ ላይ ነጭ ነገር ሲያርፍ አየሁ። ቀና አልኩ። ከራሳቸው በላይ ኖራው ሆዱን ነፍቷል። በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ተከፍቶ፣ ከመስመሩ ውስጥ እርጥብ አፈር ይንጠባጠባል።

«አዴ! ይነሱ!» አልኩ። ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም።

እጄን እያወዛወዝኩ ጮህኩ። አዩኝ። የምጨፍር መስሏቸው ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው በዘፈኑ ልክ ያጨበጭቡልኝ ጀመር። ወደ ሚፍታህ ዞሬ የመኪናውን ጣሪያ ደበደብኩ። እሱም የሚሰማው ቤዙን ብቻ ነበር። ጥቁሩ መስመር ጣት የሚያስገባ ሆነ። ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩና ጎተትኳቸው። እምቢ አሉ። በሌላ እጃቸው መጀመሪያ ማዳበሪያውን ጨበጡ፤ ቀጥሎ ለቀውት በጥፊ መቱኝ። እንደዚያው እየመቱኝ፣ ዘይቱናው በጭቃው ላይ እየተበተነ፣ ወደ መንገዱ ጎትቼ አወጣኋቸው።

ግድግዳው ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም። ነጩ ነገር በዝግታ ሲጎነበስ ብቻ አየሁ። የተቀመጡበት ቦታ ጠፋ። የመኪናው ኋላ ድንጋይ ተጫነበት። ሳጥኑ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ አሁንም ይደነፋል። ሚፍታህ ዓይኑን የገለጠው አቧራው በመስኮት ገብቶ አፍንጫው ሲደርስ ነው። ቴፑን አጠፋው።

አዴ ሩቅያ ድንጋዩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ያ አላህ! ልጄ፣ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ጠራሁዎት።»

«አልሰማሁም።»

«ጠራሁዎት አዴ። በኃይል ነው የጠራሁዎት።»

ሐጂ ኢድሪስ ከግቢው ወጡ። ስድብ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው ግን መጀመሪያ የወደቀውን ሳይሆን ሴትዮዋን ነው ከእግር እስከ ራሳቸው ያዩት። ቀጥለው አንድ የኖራ ቅራፊ አንስተው አሳዩን። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነበር። «ይዞት የቆየው ይሄ ነው» አሉ። «ውስጡን ዝናብ ጨርሶታል። እኛ በየበዓሉ ስንቀባው ጤነኛ መስሎን። ነገ ዝም ብሎ ቢወድቅ ማን ያስነሳት ነበር?»

ልጆቼ ይህን ታሪክ የሚያውቁት «ጩኸት ግድግዳ ጣለ» በሚል ነው። እንዲህ ያለ አጭር ትምህርት ይመቸኛል። እውነቱ ግን እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። ግድግዳውን የጣለው ሳጥኑ ይሁን ዝናቡ አላውቅም። ምናልባትም ሳጥኑ ኖራውን ባያራግፍ እኔም ቀና ብዬ አላይም ነበር። እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በሙሉ ኃይሌ ጠርቼ፣ ሦስት እርምጃ ላይ ሆኖ ሳይሰማኝ ቀረ።

ታክሲዋ ስትጠገን ድፍኑን ሳጥን ገጠምኩ። በፈላና በር ሳልፍ ቴፑን ዝቅ አድርጌ «አዴ!» እል ነበር። እሳቸውም በገበያተኛው መሀል «አቤት! ሰማሁህ! ሰማሁህ!» እያሉ ያስቁብኝ ነበር።

ናትናኤል መልስ እየጠበቀ ነው። የፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ፣ ባለ ቀዳዳውን እንደሚወደው አድርጎ እንዲከፍተው ነገርኩት። እኔ ከመኪናው ኋላ ቆምኩ። «ናትናኤል» አልኩ። አልዞረም። ጮክ አልኩ። አንገቱ በቤዙ ልክ ይነቀነቃል። ሄጄ ትከሻውን ነካሁትና በድፍኑ ቀይረን እንድንሞክር ነገርኩት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የሳጥኑ ጉዳይ አይደለም፤ ድምፁን መቀነስ ነው» አለኝ።

በከፊል ልክ ነው፤ «ልክ ነህ» አልኩትም። ግን ቀዳዳ ያለው ሳጥን ሰውን ጨምር ጨምር እንደሚያሰኘው ከሚፍታህ አውቃለሁ። ቀየርን። እንደሚወደው አድርጎ ከፈተው። ተመልሼ ኋላ ቆምኩ። ከመጥራቴ በፊት ትንሽ ዘገየሁ፤ ባይሰማኝስ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ናትናኤል!»

«አቤት፣ አባዬ!» ብሎ ዞረ። ድምፁን ቀነሰ። «እሺ፣ የቱን ልውሰድ ታዲያ?»

«አቤት ያልክበትን» አልኩት።